«እሺ» እያልኩ ያስቀየምኳቸው ሰዎች

«እሺ» ሁለት ፊደል ናት። ስልክ ላይ ለመጻፍ አንድ ሰከንድ አትፈጅም። የእኔ ጣት ደግሞ ከሐሳቤ ቀድሞ ይጽፋት ነበር። መልእክቱን አንብቤ ሳልጨርስ «እሺ» ብዬ እልካለሁ። ምን እንደተጠየቅኩ በደንብ የሚገባኝ ማታ አልጋ ላይ ሆኜ ነው።

ሥራዬ ጽሑፍ ነው። ቢሮ ውስጥ ሪፖርት አዘጋጃለሁ፣ ሌሎች የጻፉትን አርማለሁ፣ አንዳንዴም እተረጉማለሁ። እንዲህ ያለ ሙያ ያለው ሰው ምን እንደሚገጥመው የደረሰበት ያውቀዋል። ኮምፒውተር የሚጠግን ያውቀዋል። ሒሳብ የተማረ ያውቀዋል። መኪና ያለውማ አይነገር! «አንዴ ብቻ እዪልኝ» ይባላል። «ላንቺ እኮ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» ይባላል። ሲቪ፣ የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ፣ የማላውቀው ሰው መመረቂያ ጽሑፍ፣ ሁሉም እኔ ጋ ይመጣል። እኔም ሁሉንም እቀበላለሁ። በነገራችን ላይ፣ አምስት ደቂቃ ይፈጃል ተብሎ መጥቶ በአምስት ደቂቃ ያለቀ ሥራ እስከ ዛሬ አላየሁም።

ያኔ ለምን ብላችሁ ብትጠይቁኝ «ሰው ስለምወድ» እላችሁ ነበር። አሁን ትክክለኛ ስሙን አውቀዋለሁ። ይሉኝታ ነው። ደግ ሰው ስለ ጠያቂው ያስባል። እኔ የማስበው ጠያቂው ስለ እኔ ምን እንደሚያስብ ነበር። ከውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ። የሚለዩት ሥራው ሲሠራ ነው። ደጉ ሰው ቃሉን ይጨርሳል። ይሉኝታ የያዘው ግን «እሺ» ሲል የጠያቂው ፊት በራ አይደል? ከዚያ በኋላ ሥራው ላይ ልቡ የለም።

በዚያ ጊዜ የራሴ የምለው ጉዳይ ሁለት ነበር። አንዱ ትምህርቴ ነው። የሁለተኛ ዲግሪ ኮርሶቼን ጨርሼ መመረቂያ ጽሑፉ ብቻ ቀርቶኝ ነበር። ለአማካሪዬ «በአራት ወር እጨርሰዋለሁ» አልኩት። በ14ኛው ወር ገና ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነበርኩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሮጀር ቡለር ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው አንድ ጥናት አለ። ተማሪዎች መመረቂያ ጽሑፋቸውን መቼ እንደሚጨርሱ ተጠየቁ። በአማካይ በ34 ቀን ገደማ እንጨርሳለን አሉ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ገደማ ነበር። ይህን ጥናት የት እንዳነበብኩት ልንገራችሁ? የሌላ ሰው መመረቂያ ጽሑፍ ሳርም ነው።

ሁለተኛው አባቴ ነው። ብቻውን ነው የሚኖረው፤ ሩቅ ነው። ድሮ ሲደውል ወሬውን የሚጀምረው በሰላምታ ነበር። እያደር መጀመሪያ የሚለው ሌላ ሆነ። «ሥራ ላይ ነሽ? ልዝጋው?» እኔም «አባዬ፣ ማታ እደውልልሃለሁ» እለዋለሁ። ማታ የሰው ጽሑፍ ላይ ነኝ። አባቴ አንድም ቀን ቅር አለኝ ብሎ አያውቅም። ጥፋቴ ያልታየኝም ለዚህ ይመስለኛል። ደጋግሞ የሚጠይቅ፣ የሚያስታውስ፣ የሚያኮርፍ ሰው ጊዜዬን ይወስዳል። ዝም ብሎ የሚጠብቀኝ የተረፈውን ያገኛል። የሚተርፍ ደግሞ አልነበረም።

ነገሩ የተገለበጠው በአንዲት ጓደኛዬ ምክንያት ነው። ለስኮላርሺፕ የምታመለክትበትን ጽሑፍ እንዳርምላት ጠየቀችኝ። ማስገቢያው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። «እሺ፣ ላኪልኝ» አልኳት። በመጀመሪያው ሳምንት አልከፈትኩትም። በሁለተኛው ሳምንት ስታስታውሰኝ «ዛሬ ማታ» አልኳት። በማግስቱ «ነገ ጠዋት» ሆነ። ለማስታወስ የምትልካቸው መልእክቶች እያጠሩ መጡ፤ መጨረሻ ላይ ስሜን ብቻ ትጽፍና ዝም ትላለች። እኔ ደግሞ ስልኩ ሲጮኽ ማየት ፈራሁ። ቃል የገባሁላትን ሰው መሸሽ ጀመርኩ ማለት ነው።

በመጨረሻው ቀን ከምሽቱ አራት ሰዓት ላይ ከፈትኩት። የተፈቀደው 800 ቃል ነው። የእሷ 1300 ገደማ ነበር። ጽሑፉ ጥሩ ነው፤ ግን መቆረጥ ነበረበት፤ መቁረጥ ደግሞ ከመጻፍ በላይ ጊዜ ይፈልጋል። እየተጣደፍን ቆራረጥነው። ልታስገባው ስትሞክር አሁንም ይበልጣል ተባለች። ደግመን ቀነስን። እኩለ ሌሊት አለፈ፤ ማመልከቻው ተዘጋ።

አልጮኸችብኝም። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እምቢ ብትዪኝ እኮ ሌላ ሰው እፈልግ ነበር።»

ከዚያ በፊት ራሴን እንደ ተበዳይ ነበር የማየው። ሁሉም የሚጎትተኝ፣ ለሰው ስል የምቃጠል ምስኪን። ያቺ ዓረፍተ ነገር ግን ቦታ አቀያየረችን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያሰርኳት እኔ ነኝ። «እሺ» ባልኳት ቀን ሌላ ሰው መፈለግ አቆመች። እኔ ያልኳት «እሺ» ሦስት ሳምንት የዘገየ «እምቢ» ነበር። ወዲያው ብላት ኖሮ የሚያስከፍላት የአንድ ቀን ቅያሜ ነው። ዘግይቶ ሲመጣ ዓመቷን በላው።

ብዙ ሰው እምቢ ማለት ስለመማር ሲያወራ ስለ ራሱ ሰላም ያወራል። ትክክል ነው፤ ሰላሙም ይመጣል። እኔን ግን የቀየረኝ እሱ አይደለም። ይሉኝታ የሚያጠቃው ሰው «ለራስሽ ስትዪ እምቢ በዪ» ሲባል ራስ ወዳድ የሆነ ይመስለዋል፤ እሺ ብሎ ይሰማና እንደ ድሮው ይቀጥላል። እናንተም እንደ እኔ ከሆናችሁ ከዚህ ብትጀምሩ ይቀላችኋል። የምትጎዱት የጠየቃችሁን ሰው ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ደብተር አወጣሁ። «እሺ» ብዬ ያልጨረስኩትን ሁሉ ጻፍኩ። የሰውየው ስም፣ ሥራው፣ ቃል የገባሁበት ቀን፣ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅ። የድሮ መልእክቶችን ወደ ኋላ እየሄድኩ ስፈልግ ሁለት ማታ ፈጀብኝ። 23 ሆኑ። ከእነሱ 9ኙ ቀናቸው አልፏል። ሰዓቱን ስደምረው 64 ሆነ፤ ያውም በእኔ የዋህ ግምት።

ቀጥሎ የሳምንቱን ሰዓት አስላሁ። ሳምንት ለማንም 168 ሰዓት ነው። እንቅልፍ 49 ወሰደ። ሥራና መንገድ 55። የቤት ሥራ፣ ልብስ፣ ጽዳት፣ ልጅ 35። የቀረኝ 29 ነው። ከ29ኙ ድካሙንና ሳላውቀው ስልክ ላይ የሚያልቀውን ቀነስኩ። እውነት እውነቱን ከተነጋገርን፣ ጭንቅላቴ የሚሠራበት ነጻ ጊዜ በሳምንት ከ12 ሰዓት አይበልጥም ነበር። ስለዚህ አንዲት መስመር የራሴን ሳልጽፍ፣ አንዴም አባቴን ሳላናግር ብሠራ እንኳ ዕዳዬን የምጨርሰው ከአምስት ሳምንት በኋላ ነው። ይህን ስሌት ሳትሠሩ ወደ ሌላ ምክር ባትሄዱ ጥሩ ነው። እኔ ለዓመታት «ጊዜ የለኝም» እያልኩ ምን ያህል እንደሌለኝ አላውቅም ነበር።

አሁን ከሁሉም የከበደኝ መጣ። አዲስ ጥያቄ እምቢ ማለት አይደለም፤ የሰጡትን «እሺ» መልሶ መውሰድ ነው። ከ23ቱ 8ቱን አስቀረሁ። ለ15 ሰዎች መልእክት ጻፍኩ። ረቂቁን ስንት ጊዜ እንደከለስኩት አትጠይቁኝ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነበር፦ «ይህን እንደምሠራልህ ነግሬህ ነበር። አልደረስኩም፤ በቅርቡም አልደርስም። ሳላሳውቅህ ስለቆየሁ ይቅርታ። እባክህ ሌላ ሰው ፈልግ።» በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ «ምናልባት በሚቀጥለው ወር» የሚል ነበረበት። አወጣሁት። «ምናልባት» ካላችሁ ሰውየው መጠበቁን ይቀጥላል፤ እናንተም መጨነቃችሁን።

ላክሁና ስልኩን ገልብጬ አስቀመጥኩ። ልቤ ይመታ ነበር። ዘጠኙ «ችግር የለም፣ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አሉ። ሁለቱ ተቀየሙ፤ አንዷ ምክንያት ነበራት። አንዱ እስከ ዛሬ አልመለሰልኝም። የቀሩት ሦስቱስ? ረስተውታል! አንደኛው «የቱን ጽሑፍ?» ብሎ ጠየቀኝ። ስንት ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝን ሥራ ባለቤቱ ከጨረሰው ወር አልፎታል።

ከዚያ በኋላ አዳዲስ ጥያቄዎች መምጣታቸው አልቀረም። እኔም መጀመሪያ ላይ ሦስት ስሕተት ሠራሁ።

የመጀመሪያው ውሸት ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ረጅም ሪፖርት እንድተረጉምለት ሲጠይቀኝ «ላፕቶፔ ተበላሽቷል» አልኩት። ነጻ የወጣሁ መሰለኝ። በማግስቱ ጠዋት የእህቱን ላፕቶፕ ይዞልኝ መጣ፤ ከነቻርጀሩ። ምን ላድርግ? ተረጎምኩት። በዚያ ላይ አንድ ወር ሙሉ የራሴን ላፕቶፕ ቢሮ ይዤ መሄድ አልቻልኩም። ውሸት ተንከባካቢ ይፈልጋል፤ እሱም ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ብዙ ምክንያት መደርደር ነው። «ልጄ ፈተና አለበት፣ ቢሮ ሥራ በዝቷል፣ ራሴንም ትንሽ አሞኛል...» እላለሁ። ሰሚው ምክንያቶቹን እንደ ችግር ይወስዳቸውና ይፈታልኝ ጀመር። «እሺ ፈተናው ሲያልቅ ይሁን።» «ታዲያ ቅዳሜ አርፈሽ እሑድ አትሠሪውም?» ምክንያት በበዛ ቁጥር የሚያዝ እጀታ ይበዛል። አንድ እውነተኛ ምክንያት ይበቃል፤ ያለ ምክንያትም ይቻላል።

ሦስተኛው ከሁለቱም የባሰው ነው። «እስቲ አያለሁ።» በእኛ ቋንቋ ከዚህ የበለጠ የሚመች መሸሸጊያ የለም። የሚናገረው «እምቢ» ማለቱ ነው፤ የሚሰማው «እሺ» ይሰማል። ሁለቱም ተደስተው ይለያያሉ። ጓደኛዬ ላይ ያደረስኩትን እንዳልደግም ምዬ ሳለ፣ በትሕትና ስም መልሼ እዚያው ገባሁ።

«እምቢ» ራሱ ከባድ ቃል መሆኑን አልክድም። ልጅ እያለን «እምቢ አይባልም» ተብለን ነው ያደግነው። ለትልቅ ሰው ሲባል ድፍረት ይመስላል። ቃሉን በግድ መጠቀም ግን የለባችሁም። ለእኔ የሠሩልኝ ሌሎች ናቸው። «ይህኛው ይለፈኝ።» «በዚህ ሰሞን ተጨማሪ ሥራ አልወስድም።» «ስላሰብሽኝ አመሰግናለሁ፤ ግን አልገባበትም።» «አልችልም» ከማለት «አልወስድም» ማለት እንደሚሻል ደግሞ ከልምድ አየሁ። «አልችልም» ስትሉ እንድትችሉ የሚያደርግ ሰው ይመጣል፤ ላፕቶፑን አስታውሱ። እ.ኤ.አ. በ2012 ቫኔሳ ፓትሪክና ሄንሪክ ሃግትቬት ያሳተሙት ጥናትም ለራሳቸው «አልችልም» ከሚሉ ይልቅ «አላደርግም» የሚሉ ሰዎች ከሚያማልላቸው ነገር ራሳቸውን መጠበቅ እንደቀለላቸው ያሳያል። ጥናቱ ሰው ለራሱ ስለሚናገረው ነው። እኔ ለሌላ ሰው ስናገረውም ወገቤን ቀና አደረገልኝ።

አፌ ላይ «እሺ» እንዳይቀድም ደግሞ አንድ መመሪያ አወጣሁ። ማንም ምንም ቢጠይቀኝ በዚያው ደቂቃ አልመልስም። «ደብተሬን ልይና ነገ ማታ እነግርሻለሁ» እላለሁ። ከ«እስቲ አያለሁ» የሚለየው ቀን ስላለው ነው። ነገ ማታ ሲደርስ፣ መልሱ ደስ ባይልም፣ እናገራለሁ። ይህን መመለስ ከረሳሁ ግን ከድሮው የባስኩ ነኝ። ስለዚህ ስልኬ ላይ ማስታወሻ እሞላለሁ። ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ሲጠይቃችሁ ፊቱን አይታችሁ ነው የምትመልሱት። ደብተር ፊት ስትሆኑ ሰዓቱን ታያላችሁ።

በተለይ ሩቅ ቀን ያለው ጥያቄ ያታልለኝ ነበር። «ከሁለት ወር በኋላ ነው» ሲሉኝ እሺ ማለት ምን ችግር አለው? ሁለት ወር! እ.ኤ.አ. በ2005 ጋል ዛውበርማንና ጆን ሊንች እንዳሳዩት ሰዎች ወደፊት ከዛሬው የበለጠ ትርፍ ጊዜ ይኖረናል ብለው ያምናሉ። ስለ ገንዘብ እንኳ ያን ያህል አይሞኙም። የሁለት ወር በኋላዋ እኔ ግን የዛሬዋ እኔ ናት። ያው 168 ሰዓት፣ ያው ድካም። አሁን ራሴን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። «ይህ ነገ ጠዋት ቢሆን እሺ እል ነበር?» መልሱ አይ ከሆነ ለሁለት ወር በኋላም አይ ነው። በዚህች ጥያቄ ብቻ ከሁለት ኮሚቴ ተርፌያለሁ።

ጥፋተኝነቱስ? አለ። እምቢ ባልኩ ቁጥር ሆዴ ውስጥ አንድ ነገር ይንከባለላል። መጀመሪያ ላይ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆይ ነበር። ያገዘኝ እ.ኤ.አ. በ2008 በፍራንሲስ ፍሊንና በቫኔሳ ሌክ የታተመ ጥናት ነው። እርዳታ የሚጠይቁ ሰዎች እሺ የሚላቸውን ሰው ብዛት አሳንሰው ይገምታሉ። ምክንያቱም እምቢ ማለት ለተጠያቂው ምን ያህል እንደሚያሳፍር አይታያቸውም። ገርሞኝ ነበር። እኔ በይሉኝታ ስታመስ ጠያቂው ይሉኝታዬን አያየውም ማለት ነው። እሱ ሲመጣ «እምቢ ብትለኝስ» ብሎ ልቡን አዘጋጅቶ ነው። የሚያስፈራኝ የተቀየመ ፊት አብዛኛውን ጊዜ እኔ ጭንቅላት ውስጥ ብቻ ነበር።

አለቃ ላይ ይህ ሁሉ አይሠራም። ደሞዝ ለሚከፍል ሰው «ይለፈኝ» አይባልም። ለእሱ ሌላ መንገድ ያዝኩ። እጄ ላይ ያሉትን ሥራዎች በወረቀት ጽፌ ይዤ እገባለሁ። «ይህን ልጀምረው። ከእነዚህ ከሦስቱ የትኛው ይቆይ?» እለዋለሁ። መጀመሪያ ያደረግኩ ቀን ወረቀቱን አይቶ «ይሄ አሁንም አንቺ ጋ ነው እንዴ?» አለኝና አንዱን ለሌላ ሰው ሰጠው። ሳላውቀው በራሴ ላይ ሥራ አከማችቼ ነበር፤ እሱም ሳያውቅ። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይሳካም። አንድ ጊዜ «ሁሉም ነገ ይድረሱ» አለኝ። ሁሉንም ሠራሁ፤ ሌሊቱን። ጌታ የሆናችሁበትን ጊዜና ያልሆናችሁበትን ለይታችሁ እወቁ። እኔ የምጠብቀው የመጀመሪያውን ነው።

ዘመድ ደግሞ የራሱ ፈተና ነው። አንድ አጎቴ አንድ ትልቅ ጽሑፍ እንዳዘጋጅላቸው ጠየቁኝ፤ የወራት ሥራ ነው። እዚህ ላይ በመልእክት መመለስ ነውር ነው ብዬ ቤታቸው ሄድኩ። «አጎቴ፣ እርስዎን እምቢ ማለት ይከብደኛል። እሺ ብዬ ሳልሠራው ብቀር ግን ይብሳል» አልኳቸው። ዝም አሉ። «እንግዲህ ምን ይደረጋል» አሉ ቆይተው። ለሦስት ወር ያህል ስደውልላቸው መልሳቸው አጭር ነበር። አመመኝ። ግን እሺ ብያቸው ያን ሦስት ወር እየሸሸኋቸው ብኖር ኖሮ ስልክም አልደውልላቸውም ነበር። የቅያሜ ጊዜ ያልፋል። ከሰው የመሸሽ ጊዜ ግን እየረዘመ ነው የሚሄደው።

እዚህ ላይ ሌላ ስሕተት ልንገራችሁ። እምቢ ማለት ስለለመድኩ ጊዜ ይተርፈኛል ብዬ ነበር። አልተረፈኝም። ባዶ ማታ ሲገኝ ወይ ስልክ በላው፣ ወይ ቀጣዩ ጠያቂ «ዛሬ ምን ትሠሪያለሽ?» ብሎ አገኘው። «ምንም» ካላችሁ አለቀ። ባለቤት የሌለው ሰዓት የመጣ ሁሉ ይወስደዋል። ስለዚህ ሰዓቶቹን ቀድሜ ሰጠኋቸው። ጠዋት ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 1 ሰዓት ለመመረቂያ ጽሑፌ፤ በሳምንት አምስት ቀን። ስልኩ ሌላ ክፍል ያድራል። እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ለአባቴ። በእነዚህ ሰዓታት የሚጠይቀኝ ሰው ሲመጣ «ቀጠሮ አለኝ» እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ደብተሬ ላይ ተጽፏል። ከማን ጋር እንደሆነ አልተጠየቅኩም።

ጠዋቱ ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቁጭ ብዬ ማያው ላይ ከማፍጠጥ በቀር ያደረግኩት የለም። የሰው ጽሑፍ ማረም ለምዶብኝ የራሴን መጻፍ ጠፍቶኛል። ያኔ ነው የገባኝ፤ ለካ የሰው ሥራ ለእኔም መሸሸጊያ ነበር። ሰው እየረዳሁ እስከሆንኩ ድረስ የራሴን ስላለመሥራቴ የሚወቅሰኝ የለም። ይህን ለራሴ ማመን ከሁሉም በላይ አሳፈረኝ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ገጽ ወጣ። በሰባት ወር ውስጥ ጨረስኩት። ጥሩ ነው ብዬ አልፎክርም፤ አልቋል።

ከዚያ ደግሞ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። እምቢ ማለት የቻለ ሰው መጀመሪያ ላይ በዱላው ይጫወታል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እናቷ ሆስፒታል ገብተው ለግማሽ ቀን እንድሸፍንላት ጠየቀችኝ። እኔ ደብተሬን አውጥቼ «ዛሬ አይመቸኝም» አልኳት። ደብተሬን! ምንም አላለችም። ማታ ቤቴ ስገባ ራሴን ጠላሁት። በማግስቱ ይቅርታ ጠየቅኩ፤ እሷ ይቅር ብትለኝም እኔ አልረሳሁትም። ደብተሩ የወረቀት ሥራን ለመከልከል ነው ያወጣሁት። ሰው ሲቸገር ደብተር አይታይም። አሁን የምለየው እንዲህ ነው። ሰውየው የሚፈልገው ችሎታዬን ከሆነ አስባለሁ፤ ሌላ የሚችል ሰው አለና። የሚፈልገው እኔን ከሆነ እነሳለሁ።

ያቺ ጓደኛዬ በዓመቱ እንደገና አመለከተች። ደውላ «የምጠይቅሽ ነገር አለ፤ እምቢ ማለት ትችያለሽ» አለችኝ። ሳቅን፤ ግን ትንሽ ወጋኝ። ደብተሬን አየሁ። «ሙሉውን አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት አለኝ፤ በዚያ ውስጥ የሆነው ይሆናል። ለቀረው ሌላ ሰው ፈልጊ» አልኳት። ቅዳሜ ጠዋት ቁጭ ብለን ሠራን። የቀረውን ለሌላ ሰው አሳየችው። ከማስገቢያው ስድስት ቀን ቀድማ ላከችው። ውጤቱ ገና አልመጣም።

አባቴ ጋ የመጀመሪያዎቹን እሑዶች ስደውል «ምን ሆነሻል? ደህና ነሽ?» እያለ ይደነግጥ ነበር። ቀስ በቀስ ለመደው። «ልዝጋው?» ማለቱን ተወ። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ እናቴ፣ ሰምቼው ስለማላውቀው ስለ መጀመሪያ ሥራው ያወራኝ ጀመር። ባለፈው እሑድ እንደተለመደው ልክ በ10 ሰዓት ደወልኩ። ከኋላው የሰው ድምፅና ሳቅ ይሰማል።

«ልጄ፣ አሁን እንግዶች አሉብኝ፤ አይመቸኝም» አለኝ። «አንድ ሰዓት ላይ እኔው እደውልልሻለሁ።»

አንድ ሰዓት ላይ ደወለ።